ዝናብ ሲጥል የሚጠፉት መስመሮች

መልእክቱ ስልኬ ላይ የገባው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። የተጻፈው ግን ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ እሑድ ጠዋት ነበር። በመርሳ በኩል ኔትወርክ ተቋርጦ ስለሰነበተ እስካሁን ሳይደርሰኝ ቆይቷል። «ከድር ወደ አኼራ ሄደዋል። ቀብር ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ለመቅደስም ንገሯት ብለው ነበር። ፋጡማ» ይላል። መቅደስ እኔ ነኝ፤ ፋጡማ ባለቤታቸው ናት። ወልድያ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ በአጠገቤ ያልፋሉ። ጋሽ ከድር መታመማቸውን አውቅ ነበር፤ ኩላሊታቸው ነው ብለውኝ ነበር። ልጠይቃቸው ይገባ ነበር፤ አልሄድኩም። ያልሄድኩበትን ምክንያት እዚህ ላይ ብናገረው አይገባችሁም፤ ወደ ኋላ ሄጄ ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ።

ወልድያ ውስጥ አንድ ዓመት ያህል አብረን ሠርተናል። ቢሯችን ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከሀብሩ ሜዳ በላይ፣ ወንዙ ከተራራው በሚወርድበት ቦታ ላይ፣ የውኃ ከፍታ የሚለኩ ሦስት መሣሪያዎች ተተክለዋል። መሣሪያዎቹ በየአምስት ደቂቃው ቁጥር ይልካሉ። የእኛ ኮምፒውተር ቁጥሩን ይቀበልና ውኃው ከልክ ካለፈ፣ ግራና በምትባለው መንደር ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለሙ ገበሬዎች «ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ከወንዙ ውጡ» የሚል መልእክት በስልካቸው ይልካል። ፕሮግራሙን ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ጋሽ ከድርን ያመጣቸው ሥራ አስኪያጃችን በላቸው ነው። «እኛ ኮምፒውተሩን እናውቃለን፣ ወንዙን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል» አለ። እሳቸው መርሳ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ወንዝ ዳር ያለውን የብረት መለኪያ ጠዋትና ማታ እያነበቡ በደብተር ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀጭንና ረጅም ነበሩ። በሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ አለ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ፣ ሰው ሲያናግራቸው ቀኝ ትከሻቸውን አስቀድመው ይዞራሉ። አንድ ነገር ሲጠየቁ ደግሞ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ቸኩለው አይደለም። የሚናገሩት ነገር በስንት ሰዓት እንደተነገረ ማወቅ ይፈልጋሉ መሰለኝ።

በመጡ በሦስተኛው ቀን ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ያኔ እንደ ብዙ ጀማሪ፣ ፕሮግራሙ ምን እየሠራ እንደሆነ ለማየት ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ የሚያወጡ ትእዛዞች በየቦታው በትኜ ነበር። «ቁጥር ገባ» ይላል፤ «ተላከ» ይላል፤ «እዚህ ደርሻለሁ» ይላል። አንዱ ቦታ ላይማ «ኧረ በማርያም» ብቻ ነው የሚለው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ፕሮግራሙ የሚሠራውን እየነገረኝ ነው።»

ሰዓታቸውን አዩ። «ይኼ ‹ተላከ› የሚለው በስንት ሰዓት ነው የተላከው?»

«ሰዓት አይጽፍም።»

«ለማን ተላከ?»

«እሱንም አይጽፍም።»

«ኮምፒውተሩ ሲዘጋስ ጽሑፉ የት ይሄዳል?»

«አብሮ ይጠፋል።»

«እንግዲያው ይኼ መዝገብ አይደለም፣ ልጄ። ወሬ ነው» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከፍቶኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሽማግሌ ስለ ፕሮግራም ምን አገባው ብዬ ቀኑን ሙሉ አኩርፌ ዋልኩ። በማግስቱ ግን ደህና የሎግ ላይብረሪ መፈለግ ጀመርኩ። ሌሎች ፕሮግራመሮች ጽፈው ያስቀመጡትና እኔ ፕሮግራሜ ውስጥ የማስገባው፣ የሆነውን ሁሉ በሥርዓት የሚመዘግብ ጥቅል ማለት ነው። ኢንተርኔቱ እየመጣ ስለሚሄድ ማውረዱ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ። ሲገባ ጋሽ ከድር ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከአጠገቤ አልተነሡም።

ሰዓቱ አጨቃጨቀን። ላይብረሪው የሚጽፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ያውም ከእኛ አገር ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረውን። «ግራና ላይ ውኃ በዘጠኝ ሰዓት መጣ ሲባል ይኼ ማሽን እኩለ ቀን ነው ይለኛል» አሉ። እንደሚቀየር ነገርኳቸው። አሰቡበትና «ተይው። ሰዓቱ የኛ ባይሆንም ችግር የለም፤ ብቻ ሁሌም አንድ ይሁን» አሉ። ግድግዳው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መቀየሪያ ሠንጠረዥ ለጠፉ።

ደረጃዎቹን ወደዷቸው። ላይብረሪው እያንዳንዱን መስመር እንደ ክብደቱ ይለያል፤ ተራ መረጃ አለ፣ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ስህተት አለ። የትኛው መስመር የት ይግባ በሚለው ግማሽ ቀን ተከራክረናል። የእሳቸው መለያ አንድ ነበር፦ «ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የማያስነሳ ከሆነ መረጃ ነው።» ከመሣሪያው የመጣ እያንዳንዱ ቁጥር ገበሬው ስልክ እስኪደርስ ድረስ አብሮት የሚሄድ መለያ ቁጥር እንዲኖረው አደረግን። የገበሬዎቹ ስልክ ቁጥር በሙሉ እንዳይጻፍ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ብቻ እንዲታዩ ያሉት እሳቸው ናቸው። ፋይሉ በየቀኑ አዲስ እንዲከፈትና አሮጌው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲጠፋ ሳስተካክል ግን እጄን ያዙኝ። «ክረምት እስኪወጣ አንድም አይጠፋም።»

ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲጀምር መዝገቡ ውስጥ ቀዳዳ አዩ። በየአምስት ደቂቃው መምጣት ያለበት፣ ጎርፉን ቀድሞ የሚያየው የላይኛው መሣሪያ ቁጥር አልፎ አልፎ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ግማሽ ሰዓት ይጠፋል። ስህተት የሚል የለም፤ ማስጠንቀቂያም የለም። ጋሽ ከድር መስመሮቹን አትመው ክፍተቶቹን በቀይ አሰመሩባቸው። ከዚያ መርሳ ላሉ ዘመዶቻቸው እየደወሉ በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት ተራራው ላይ እንደዘነበ ጠየቁ።

«መቅደስ፣ ነይ እስኪ» አሉኝ አንድ ቀን። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። «የሚጠፋው ሲዘንብ ነው። ሌላ ጊዜ አንድም ቀን አይጠፋም። የሚያስፈልገን ሰዓት ላይ ብቻ ነው ዝም የሚለው።»

ኮዱን ከፍቼ ስፈልግ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ዝናብ ሲበረታ ከላይ የሚመጣው መልእክት በመንገድ ላይ ይቆረጣል፤ ግማሹ ብቻ ይደርሰናል። ፕሮግራሜ ግማሽ መልእክት ማንበብ ስለማይችል ይሰናከላል። እንዲህ ያለ መሰናከል ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ እኔ ያንን ቦታ ባዶ ትቼው ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ የተቆረጠውን ይጥልና ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ የተውኩት ነበር።

ጋሽ ከድር አልተቆጡም። «አብሽሪ። ሰው ረስቶ ይተዋል» አሉና ያንን ቦታ አብረን ሞላነው። ከዚያ በኋላ የተቆረጠ መልእክት በመጣ ቁጥር «ከላይኛው መሣሪያ የማይነበብ መልእክት ደረሰ» የሚል ማስጠንቀቂያ መጻፍ ጀመረ። መሣሪያው ራሱ እንዲስተካከል ግን ባለሙያ ወደ ተራራው መውጣት ነበረበት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ መኪናም እንደልብ አይሄድም። እስኪስተካከል ድረስ ጋሽ ከድር የራሳቸውን ዘዴ አበጁ። ከሰዓት በኋላ ማስጠንቀቂያዎቹን ስክሪኑ ላይ ከፍተው ይቀመጣሉ። ሦስት አራት ማስጠንቀቂያ በተከታታይ ከመጣ ተራራው ላይ ኃይለኛ ዝናብ አለ ማለት ነው። ያኔ ግራና ሁሴን ለሚባል ገበሬ ቤት ይደውላሉ። ሁሴን ቤት ስልኩ አንድ ነው፤ ያነሣ ሰው ሮጦ ወንዝ ዳር ያሉትን ይጠራል። በሐምሌ ብቻ ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርገው ሰው አስወጥተዋል። ሁለቱን ጊዜ ውኃው በእርግጥ መጣ።

በነሐሴ መጀመሪያ ሥራውን የሚረከቡ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። በላቸው ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም፤ ክፉ ሰው አልነበረም። የሚፈራው እንግዶቹ ችግር አይተው ሥራውን እንዳያስቆሙት ነው። ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ስክሪኑን አየና «ይኼ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ምንድን ነው? ሲያዩት ምን ይላሉ?» አለኝ።

«መሣሪያው እስኪስተካከል ነው።»

«ለነገ ብቻ ደብቂው። ስህተት ብቻ እንዲጽፍ አድርጊው።»

የአንዲት ቃል ለውጥ ናት። ላይብረሪው ለማይነበቡ መልእክቶች ከየትኛው ደረጃ ጀምሮ እንደሚጽፍ የሚነገርበት አንድ መስመር አለ፤ የቁጥሮቹ መዝገብ ለብቻው ስለሆነ አይነካም፤ እዚያ ላይ «ማስጠንቀቂያ» የነበረውን «ስህተት» አደረግሁት። ጋሽ ከድር በዚያ ቀን መርሳ ለሰርግ ሄደው ነበር። እንግዶቹ መጡ፣ ንጹሑን ስክሪን አዩ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። እኔም እመልሰዋለሁ እያልኩ ሳልመልሰው ቀረሁ። ለጋሽ ከድርም አልነገርኳቸውም።

ከአራት ቀን በኋላ ነው። ወልድያ ላይ ፀሐይ ነበር። ጋሽ ከድር እንደ ልማዳቸው ከምሳ በኋላ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ምንም አይጽፍም። ስምንት ሰዓት ላይ «ዛሬ ተራራው ላይ ዝናብ የለም መሰለኝ» አሉ። እኔ ሌላ ሥራ ይዤ ስለነበር «እህ» ብዬ አለፍኩት። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓታቸውን አዩ፤ ተነሥተው በመስኮት ወደ ደቡብ ተመለከቱና ተመልሰው ተቀመጡ። «ጸጥታው ደስ አይልም» አሉ። ያኔ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከግራና ተደወለ። ስልኩን ያነሡት እሳቸው ናቸው። ቀኝ ጆሯቸው ላይ ይዘው ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። «ማን?» አሉ። ቀጥሎ «ኢናሊላሂ» ሲሉ ሰማሁ። የሁሴን ሚስት ዘይነባ ሽንኩርት እየኮተኮተች ሳለ ጎርፉ ወስዷታል። ሁሴን ለጉዳይ መርሳ ሄዶ ነበር። ስልኩ ቤት፣ ልጃቸው ሰዓዳ ዘንድ ነበር፤ አልጮኸም። ከላይ የመጣው ሁሉ ስለተቆረጠ ፕሮግራሙ ምንም አልላከም፤ እኛም አልደወልንም።

ጋሽ ከድር ስልኩን አስቀምጠው ወደ ስክሪኑ ዞሩ። አሁንም ንጹሕ ነው። ከስክሪኑ ወደ እኔ ተመለከቱ። ምን ዓይነት ፊት እንዳሳየኋቸው አላውቅም፤ እሳቸው ግን አንድም ቃል ሳልናገር ገባቸው። «ደረጃውን ከፍ አድርገሽዋል?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ጠዋት በላቸው ብቻዬን ጠራኝ። ከበላይ አጣሪዎች እየመጡ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት የትናንቱን ሎግ ነው አለኝ። ለግራና ሰዎች መልእክቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እንደተላከ ነግሯቸዋል። «ተልኳል ብዬ አምኜ ነው የተናገርኩት» አለኝ፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። «አሁን መዝገቡ ከዚያ ጋር ካልተስማማ ሥራው ይዘጋል። መሣሪያው ይነቀላል። በመጪው ክረምት ማን ያስጠነቅቃቸዋል? የሞተችው አትመለስም።»

ሎግ የጽሑፍ ፋይል ነው። ማንም ከፍቶ ሊጽፍበት ይችላል። ተቀምጬ ጻፍኩ። ቁጥሩ በየአምስት ደቂቃው ከፍ እያለ እንዲሄድ አደረግሁ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከልክ አለፈ፤ ቀጥሎ «መልእክት ተላከ» የሚሉ መስመሮችን አስገባሁ። አንደኛው የሁሴን ቤት ስልክ የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ነበሩበት። ለሁሉም መለያ ሰጠኋቸው። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

ጋሽ ከድር ፋይሉን ያዩት ከምሳ በፊት ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፤ ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«መቅደስ፣ ይኼን አይተሽዋል?» አሉና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አደረጉ። ማሽኑ ራሱ የጻፋቸው መስመሮች ሰዓታቸው እስከ ሰከንድ ሽርፍራፊ ድረስ ይወርዳል፤ አንዱ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት፣ ሌላው ዘጠኝ መቶ አራት ይላል። የእኔዎቹ ሁሉ መጨረሻቸው ሦስት ዜሮ ነው። «ከፍታውንም እዪ። በየጊዜው አራት አራት ሴንቲሜትር። ጎርፍ እንደዚህ ተለክቶ አይመጣም።»

ላለቅስ ደረስኩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ» አሉኝ። «መርሳ መለኪያ ላይ ስሠራ አንድ ክረምት ለዘመድ ለቅሶ ሄድኩና ሁለት ቀን ሳላነብ ቀረሁ። ስመለስ ደብተሩ ባዶ ነው። ባዶውን ማስረከብ ፈራሁ። ተቀመጥኩና ከአእምሮዬ ሞላሁት። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ። ልክ እንደ አንቺ። ከዓመታት በኋላ ወንዙ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ተሠራ። የሠሩት ሰዎች የእኔን ደብተር ወስደው ነበር። መሻገሪያው ሦስተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ሰው ይዞ ሄደ።»

«በእርስዎ ቁጥር ምክንያት ነው?»

ሰዓታቸውን አዩ። «አላውቅም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ውኃው ምን ያህል እንደነበር የሚያውቅ የለም። እኔ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የእኔው ደብተር ነው፤ እሱ ደግሞ የሚነግረኝ እኔ የጻፍኩትን ነው። ባዶ ትቼው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እንደማይታወቅ ይታወቅ ነበር።»

ከውጭ የባጃጆች ድምፅ ይሰማል።

«እኔ ፋይሉን አልነካውም» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ነሽ የምታጠፊው። ለማንም አልናገርም። ግን ዛሬ፣ አሁን አጥፊው።»

አጠፋሁት። መስመር በመስመር ሲጠፋ አጠገቤ ቆመው አዩ። ከዚያ ወደ በላቸው ክፍል ገቡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የበላቸው ድምፅ ሁለት ጊዜ ከፍ አለ፣ የእሳቸው አንድም ጊዜ አላለም። አጣሪዎቹ ሲመጡ ጋሽ ከድር መዝገቡን እንዳለ፣ ቀዳዳውን በቀይ አስምረው ሰጧቸው። ማስጠንቀቂያው መቼ እንደተዘጋም ተናገሩ። ማን እንደዘጋው ሲጠየቁ «ከቢሯችን ነው፤ እኔም ሳላጣራ ንጹሕ ስክሪን አምኜ ተቀምጫለሁ» አሉ። እኔ ከጥግ ተቀምጬ መሬት መሬት አየሁ። ደረጃውን የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ በመጨረሻ ተናግሬአለሁ። የሐሰቱን መስመሮች ግን አልተናገርኩም። ለማንም።

ሥራው ተዘጋ። በላቸው የፈራው ሁሉ ደረሰ፤ በመጸው መሣሪያዎቹ ተነቅለው መጋዘን ገቡ። በምትካቸው እስከ ዛሬ የመጣ ነገር የለም። በላቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እኔ ወልድያ ሌላ ቢሮ ገባሁ። ጋሽ ከድር ወደ መርሳ ተመለሱ። በየወሩ ይደውሉልኝ ነበር። «አብሽሪ፣ ልጄ። ሥራ እንዴት ነው? የምትጽፊው ነገር ሰዓት አለው?» ይሉኛል። እኔ ግን ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ሦስት ዜሮዎች ይታዩኝ ነበር። እየቆየሁ ማንሣት ተውኩ። ሲታመሙም ያልሄድኩት ለዚህ ነው።

የፋጡማን መልእክት ባነበብኩ ማግስት በሚኒባስ ወደ መርሳ ወረድኩ። ሲሪንቃን እንዳለፍን በስተቀኝ ያለው ተራራ ከወገቡ በላይ በደመና ተሸፍኖ ነበር። ወያላው አየት አድርጎ ለሾፌሩ «ዛሬስ ቶሎ እንመለስ» አለው።

አሥር ቀን ቢያልፍም ግቢው ውስጥ የተወጠረው ሸራ አልወረደም፤ ሰው አልጎደለም። ፋጡማን አቅፌ አለቀስኩ። «አላህ ይርሀማቸው» አልኳት፤ እሳቸው ያስተማሩኝ ቃል ነው። ሴቶቹ መሀል ቦታ ሰጡኝ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች። ፋጡማ «ሰዓዳ ናት፣ ከግራና። የዘይነባ ልጅ» አለችኝ።

ሰዓዳ መሬቱን እያየች ተናገረች። «ጋሽ ከድር እኛ ቤት መጥተው ነበር። እናቴ በሞተች በሁለተኛው ሳምንት።»

«አልሰማሁም ነበር» አልኳት።

«ሰው ሁሉ መልእክቱ ተልኳል ይል ነበር። ስልኩ እኔ ጋ ነበር። በስምንት ተኩል መጥቶ ሳላየው ቀርቼ ነው አሉ። ብሮጥ እደርስላት ነበር። አባቴ ምንም አላለኝም፤ ግን ማናገር ተወ። እኔ አልመጣም፣ አልመጣም እላለሁ። የሚሰማኝ የለም። እየቆየሁ አይቼው ረስቼው ይሆናል ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ጽሑፉ ሁሉ ይታየኛል።»

ሻርፗን አስተካክላ ቀጠለች።

«መጡና አባቴን ቁጭ አድርገው፣ አልተላከም አሉት። መዝገቡን ሰዓት በሰዓት አነበቡለት። አባቴ እዚያው አለቀሰ። ግን እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አዝነውልኝ ይሆናል የሚል ሐሳብ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።» ቀና ብላ አየችኝ። «ፕሮግራሙን የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። በአላህ ንገሪኝ። አልተላከም?»

ተራራው በኩል ከሩቅ አጉረመረመ። ከሸራው ሥር ያሉት ወንዶች ወሬ አቁመው ወደዚያ ዞሩ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ኔትወርክ መኖር አለመኖሩን አየ።

«አልተላከም» አልኳት። «ስልክሽ ላይ ምንም አልመጣም። ማስጠንቀቂያውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ደግሞ ተልኳል ብዬ በእጄ ጻፍኩ፤ የእናንተን ስልክ ቁጥር ጭምር። ያስጠፉኝ ጋሽ ከድር ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ዛሬም መዝገቡ ላይ አንቺ እንዳላየሽው ተጽፎ ይገኝ ነበር።»

የምትሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ ተነሥታ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ሄደች፤ አባቷ ሁሴን አጠገብ በርከክ ብላ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነገረችው። ሁሴን ቀስ ብሎ አንገቱን አዙሮ እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ዓይኑን ሳይነቅል ተነሣና ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። እኔም ተነሥቼ ቆምኩለት።